የአይጧ ቁንጫ ወዴት ይሄዳል?

የአንባብያን ጥያቄ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

እህል ከአውድማ ከገባ ወዲህ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ አይጥ ነው። የላምና የበግ ጥያቄ ያላችሁ ለዚህ እትም ታገሡኝ፤ ገጹን ለአይጥ ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል። ወጣት ሳለሁ፣ ገና ከትምህርት እንደወጣሁ፣ ሁለት በጋ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ የሣር ደጋ ላይ አይጥ ስይዝ፣ ስመዝን፣ ቁንጫዋንና መዥገሯን ስለቅም ከርሜአለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ከከብት ጋር ሆነ። የጓሳዋን አይጥ ግን አልረሳኋትም። ሰው ስለ እሷ የሚያወራውና እኔ በእጄ ይዤ ያየሁት ብዙም አይገናኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። "አይጥ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ዓይነት እንስሳ ነው። ከተማ ውስጥ ኮርኒስ ላይ የሚሮጠው ጥቁሩ አይጠ መጎጥ የትውልድ አገሩ እስያ ነው። በመርከብና በጭነት ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። የሜዳዎቹ ግን የአገር ልጆች ናቸው። የደጋዋ የሣር አይጥ፣ ነጭ እግሯ አይጥ፣ የባሌው ትልቁ ፍልፈል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኙም። የሚሸከሙት ትልና ነፍሳትም እንደየዓይነታቸው ይለያያል። መልሴን ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

*

"ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የገብስ ክምር ስናፈርስ ከሥሩ የአይጥ መዓት ወጣ። ልጆች በዱላ እያሯሯጡ ገደሉ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አንዷን በእጁ ሲይዝ ጣቱን ነከሰችው። ማታ እዚያው ጭድ ላይ ተኝተው ቁንጫ ሲበላቸው አደረ። አንዱ ጎረቤቴ 'የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘዋል' አለኝ። ሌላው 'ተስቦ ነው የሚያመጣው' ይላል። መርዝ ልነስንስ ወይ? — አንድ አባት፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ"

ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጁ። ይህ ጽሑፍ እስኪደርስዎ ቀናት ያልፋሉና፣ እስካሁን ጤና ጣቢያ ካልወሰዱት ዛሬውኑ ይውሰዱት። "አይጥ ነክሶታል፣ ቁንጫም በልቶታል" ብለው ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩ። ብዙ ሰው "ትኩሳት አለው" ብቻ ይልና ወባ ሲፈለግ ጊዜ ይባክናል።

የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ልቦን ያሳርፉ። ትናንሽ አይጦች ይህን በሽታ ይዘው መገኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው፤ ለሰው ማስተላለፋቸውማ ጭራሽ የለም በሚባል ደረጃ ነው። የነከሰው ውሻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ክትባት ያስፈልገው ነበር። የአይጥ ንክሻ ሌላ ጣጣ አለው። በአይጥ አፍ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በቁስሉ ገብቶ ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ሽፍታ ያመጣል። ፔኒሲሊን ያድነዋል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው የመጀመሪያው መድኃኒት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይታይለት። እኔም አንድ ጠዋት ጓንት አውልቄ ከረጢት ስፈታ አውራ ጣቴን ነክሳኛለች። ጥርሷ ቀጭን ነው፣ ግን ጥልቅ ይገባል። ደሙ ሲቆም የዳነ ይመስላል፤ እሱ ነው የሚያታልለው።

አሁን ወደ ቁንጫው ልምጣ። የደብዳቤዎ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው።

ጓሳ ላይ እንዲህ እንሠራ ነበር። ማታ በአይጦቹ ጎዳና ላይ ከቆርቆሮ የተሠሩ ትናንሽ የሳጥን ወጥመዶች እንዘረጋለን። ጎዳና የምላችሁ ሣሩን ቆርጠው፣ ከቅጠሉ ሥር ለሥር የሚሄዱበት፣ የጣት ስፋት ያለው ንጹሕ መንገድ ነው። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ በዱቄት የተለወሰ ነው። ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ እንሄዳለን። ሳጥኑ ከከበደ አይጧ ገብታለች። ወደ ጨርቅ ከረጢት እናዛውርና ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይዘን ፀጉሯን በጥርስ ብሩሽ ወደ ኋላ እናበጥራለን። ቁንጫው ጠብ ጠብ ይላል። በነጩ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ለአፍታ ግራ ገብቶት ይቆምና ይዘላል። አልኮል የነካ ጥጥ በፍጥነት ካላሳረፍንበት እጅጌያችን ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ወጥመድ ውስጥ በብርድ የሞተች አይጥ አገኘሁ። በጣም አዘንኩ፤ ጭድ አብዝተን መጨመር ነበረብን። ገና ሰውነቷ ሞቅ እንዳለ ነበር። ሳህኑ ላይ አስቀምጬ መዝገቡን እስክጽፍ ምንም ሳላበጥር ቁንጫዎቹ በራሳቸው ይወርዱ ጀመር። አንድ በአንድ ከአንገቷ ሥር ወጥተው በጆሮዋ ጫፍ ላይ ቆሙ። ሬሳው ሲቀዘቅዝ ቤታቸው እንዳለቀ ያውቃሉ። ወደሚሞቀው ነገር ይሄዳሉ። በዚያች ሰዓት የሚሞቀው የእኔ እጅ ነበር።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ክምሩ ሥር ያን ሁሉ አይጥ ሲገድሉ የሆነው ይኸው ነው። ባለቤት ያጣው ቁንጫ ጭዱ ውስጥ ቀረ። ማታ ልጆቹ መጥተው ሞቀው ተኙ።

ቁንጫ እንደ ቅማል አይደለም። ቅማል ዕድሜዋን ሁሉ ከባለቤቷ ገላና ልብስ እምብዛም አትርቅም። የአይጥ ቅማል የአይጥ ናት፣ ሰው ላይ አትኖርም። ጎረቤትዎ የሚያውቁት የጥንቱ ተስቦ፣ በችግርና በጦርነት ጊዜ ሰው የሚጨርሰው፣ የሚተላለፈው በሰው ልብስ ቅማል ነው። አይጥ የለችበትም። ቁንጫ ግን እንግዳ ናት። በልታ ትወርዳለች። እንቁላሏ ጎሬው ውስጥ ይወድቃል፤ የምትፈለፈለው ትንሽ ትል አቧራና እብቅ ውስጥ ታድጋለች። ስለዚህ አይጧ ብትሞትም ጎሬው ቁንጫ ማፍራቱን አያቆምም።

የቁንጫ ተስቦ የሚባል ሌላ በሽታ መኖሩ እውነት ነው። በአብዛኛው የሚዛመደው ከቤቱ አይጠ መጎጥ ጋር ነው። የሚገባውም በአመዛኙ በንክሻው አይደለም። ቁንጫዋ ስትበላ ቆዳ ላይ ኩሷን ትጥላለች፤ እኛ ስናክ ወደ ቁስሉ እናስገባዋለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታከሙ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በደንብ ይሠራበታል። የልጁን መጠን የጤና ባለሙያው ይወስናል።

መርዙን አይነስንሱ። እለምንዎታለሁ። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም የሚያሳጣ ነው፣ ቶሎ አይገድልም። አይጧ ለቀናት እየተንገዳገደች ሜዳ ላይ ትውላለች። በዚያ ጊዜ ጉጉት ያነሣታል፣ ድመትዎ ያነሣታል፣ እናንተ አገር ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። የጓሳ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው። አባቶቻችሁ ጓሳን ቄሮ በሚሉት የጥንት የጋራ ሕግ ሣሩ እንዳይታጨድ፣ ከብት እንዳይገባበት ለዘመናት ዘግተው የጠበቁት ለሣሩ ብለው ነው፤ ቀበሮውና አይጡ ግን አብረው ተጠበቁ።

ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። ክምሩን መሬት ላይ አይሥሩት፤ ከሥሩ ድንጋይና ግንድ ደርድረው ከፍ ያድርጉት። ዙሪያውን አንድ አምስት እርምጃ ያህል አርሙት፤ አይጥ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ ትፈራለች። ውቂያውን አያዘግዩ። የጎተራው እግር ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘቀዘቀ ቆርቆሮ ያስሩበት፤ መውጣት አትችልም። ለመኝታ የሚሆን ጭድ ከክምር ሥር አይውሰዱ፤ ከላይ ይውሰዱና ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይበትኑት። ከሁሉም ከሁሉም፣ ማንም ሳይገድላቸው ብዙ አይጦች ሞተው ካዩ አይንኩ፤ ልጆች አይቅረቡ፤ ለጤና ኬላ ያሳውቁ።

*

"ዶክተር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ድመታችን አይጥ እየያዘች ሳሎን ድረስ ታመጣለች። ሰሞኑን የምትተኛበት ብርድ ልብስ ላይ ሩዝ የመሰለ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። አማቴ ድመቷ ትውጣ ብላለች። እኔ ግን እወዳታለሁ። — ከገርጂ፣ አዲስ አበባ"

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ድመቷን አታስወጪ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ለየብቻ እንያቸው።

ሩዝ የመሰለው የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ድመት ኮሶ ከሁለት ቦታ ታገኛለች። አንዱን ቁንጫዋን እየላሰች ስትውጥ፣ ሌላውን አይጥ ስትበላ። የሁለተኛውን ታሪክ ባሳይሽ ደስ ይለኛል፤ እኔ በዓይኔ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

የአይጥ ሬሳ ስከፍት ጉበቷ ላይ አንዳንዴ ሽምብራ የምታክል ነጭ እብጠት አገኛለሁ። ከወፍራም ጉበት መሐል ዕንቁ የተቀመጠ ይመስላል። በመርፌ ጫፍ ስበሳው ውሃ ጠብ ይላል፤ ከዚያ ውስጥ የተጠቀለለ ነጭ ጥብጣብ ይወጣል። ቀስ አድርጌ ስዘረጋው የጣት ርዝመት አለው። ጫፉ ላይ ራስ አለው፣ ገላው በመስመር በመስመር ተከፋፍሏል። ትሉ እዚያች ሽምብራ ውስጥ ተጣጥፎ ድመት እስክትመጣ ይጠብቃል። አይጧ ከድመት ኩስ የወጣ እንቁላል ከሣር ጋር በልታ ነው የያዛት። ድመቷ አይጧን ስትበላ ትሉ አንጀቷ ውስጥ ይዘረጋል፣ ያድጋል፣ እንቁላሉን ይጥላል። ዙሩ ይቀጥላል። ሰው በዚህ ዙር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሰውን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ለድመቷ ከእንስሳት ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ታገኛለሽ። የቁንጫ መድኃኒትም አብረሽ ስጫት፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ላንቺ የሚያሰጋው ሌላው ነው። ቶክሶፕላዝማ ይባላል፣ በዓይን አይታይም። ድመት በበሽታው የተያዘች አይጥ በልታ ለተወሰኑ ሳምንታት በኩሷ ታስወጣዋለች። ይህ ተሕዋስ አይጧን የሚያደርጋት ነገር ይገርማል፤ የድመት ሽታ መፍራቷን ያጠፋባታል። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ግን መላ አለው። ከድመቷ የወጣው ኩስ ወዲያው አይዝም፤ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ይቀየር። አንቺ አትንኪው፣ ባለቤትሽ ይቀይር። አትክልት ስትኮተኩቺ ጓንት አድርጊ፣ ሰላጣ በደንብ እጠቢ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሽ። ጥሬ ሥጋም በዚሁ ተሕዋስ ያስይዛል። ክትፎውና ቁርጡ እስክትወልጂ ይቆይሽ፤ ክትፎውን አብስለሽ ብይው። አማትሽ ድመቷን ስታስወጣ ጥሬ ሥጋ ገበታ ላይ ከቀረበ ምንም አልተሠራም። ለሐኪምሽም ስለ ድመቷ ንገሪ፤ በደም ምርመራ ከዚህ በፊት ይዞሽ እንደሆነ ይታወቃል።

*

"ልጄ አፍንጫዋ ላይ ቁስል ወጥቶ ወራት ሆነው፤ አያማትም፣ አይድንም። ሰፈራችን ገደል ሥር ነው። ሽኮኮ አመጣው ይላሉ። ሽኮኮ አይጥ ናት? ገደሉን በእሳት እንለብልበው ወይ? — ከደቡብ ወሎ"

የምትጽፉልኝ ቁስል ቁንጭር ይመስላል። ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ሕክምና አለው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በአሲድ፣ በጋለ ብረት ወይም በቅጠል አታቃጥሉት። ጠባሳው ከበሽታው ይብሳል፤ ፊቷ ነው።

ሽኮኮ አይጥ አይደለችም። መልኳ ያሳስታል እንጂ ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን ትቀርባለች። በደጋችን ግን የቁንጭር ተሕዋስ የሚኖረው በእሷ ቆዳ ላይ ነው፤ እሷን ይህን ያህልም አይጎዳት። ወደ ሰው የሚያመጣው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከትንኝ የሚያንስ፣ ድምፅ የሌለው ነፍሳት ነው። ሽኮኮዋ በምትኖርበት ዋሻና ስንጥቅ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ይወጣል። ልጆች ከመሸ በኋላ ገደሉ ሥር አይቀመጡ፣ በአጎበር ይተኙ። እሳቱ ይቅር።

እግረ መንገዴን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌላው የቁንጭር ዘመድ፣ የውስጥ አካል በሽታው ካላዛር፣ ሌላ ነው። እሱ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው፤ መረሬው ሲሰነጠቅ፣ የቀን ሠራተኛው ዛፍ ሥር ሲያድር የሚይዝ። የተሕዋሱ ዘረመል በአገራችን የዱር አይጦች ላይም ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን አይጧ ለሰው አስተላለፈች ማለት አይደለም፤ በአንድ አልጋ ያደሩ ሁሉ ባልና ሚስት እንዳልሆኑ ነው።

*

"ዶክተር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ግቢያችን የምትመጣ ሽኮኮ (ስኩዊረል ማለቴ ነው) አንገቷ ሥር ትልቅ እብጠት አላት፣ መሐሉ ቀዳዳ ነው። ልጆቼ ፈርተዋል። በዚያ ላይ ጋራዣችን ውስጥ ትናንሽ አይጦች ገብተዋል። እዚህ አገር ሰው "ሃንታ" ስለሚሉት ቫይረስ ያወራል፣ "ላይም" ስለሚሉት የመዥገር በሽታም ያወራል። የትኛውን ልፍራ? — የሁለት ልጆች እናት"

እዚያ ያላችሁት ስኩዊረልን ሽኮኮ እንደምትሏት አውቃለሁ፤ ከላይ ካለችው የወሎዋ ሽኮኮ ጋር እንዳትምታታ እንጂ ስሙ አልከፋኝም። ያንቺዋ እውነተኛ የአይጥ ዘመድ ናት።

እብጠቱ ውስጥ ያለው የዝንብ ትል ነው። ኩቴሬብራ የሚባል ትልቅ፣ ንብ የሚመስል ዝንብ አለ። እንቁላሉን እነ ስኩዊረልና አይጥ በሚመላለሱበት ቦታ ይጥላል። ትሏ ስትፈለፈል በአፍ ወይም በአፍንጫ ትገባና ተጉዛ ቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ቀዳዳው መተንፈሻዋ ነው። ልጆችሽ በርቀት በደንብ ቢያዩ ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ሲል ያያሉ። ለሳምንታት ትቆይና አድጋ ትወጣለች፣ መሬት ትወድቃለች፣ አፈር ውስጥ ትከርማለች። ቁስሉ ይደርቃል። ስኩዊረሏ አብዛኛውን ጊዜ ትድናለች። እንዳትይዟት፣ ትሉንም ለማውጣት እንዳትሞክሩ። በእናንተ አገር በጋ መጨረሻ በብዛት ይታያል። ዝንቡ ራሱ አድጎ ሲወጣ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም፤ የሚኖረው ለመራባት ብቻ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ፍርሃቱ ወደ መገረም ይለወጣል።

አይጦቹን በተመለከተ፣ አካባቢሽ ላይ የምትበዛው ሆዷና እግሯ ነጭ የሆነች የዱር አይጥ ናት። የእኛዋን ነጭ እግር አይጥ አታውቃትም፤ ስም ነው ያገናኛቸው። የላይም በሽታ ዋና ማደሪያ እሷ ናት። መዥገር ከእንቁላል ስትወጣ በሽታው የለባትም። የመጀመሪያ ደሟን ከዚህች አይጥ ስትመጥ ትይዘዋለች፣ በሚቀጥለው ዓመት አድጋ ሰው ላይ ስትወጣ ታስተላልፋለች። አይጧ ራሷ ይህን ያህል አትታመምም። ስለዚህ አንቺ ልትፈሪ የሚገባሽ ጋራዥ ውስጥ ያለችውን አይጥ ሳይሆን ሣር ላይ ያለችውን መዥገር ነው። የፖፒ ፍሬ ታክላለች። ልጆቹ ከውጭ ሲገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የፀጉር ሥር ፈትሺ። በሽታው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፤ በየማታው የምትፈትሽ እናት ትቀድማታለች። በወረንጦ ከቆዳው ጋር ያለውን አፏን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ቅቤም እሳትም አታስነኪ። ክብ ቀይ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ።

ሃንታ ላይ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ አራት ግዛቶች በሚገናኙበት የናቫሆ ሕዝብ አገር፣ ጤነኛ ወጣቶች በሳንባ በሽታ በድንገት ሲሞቱ ነው ያ ቫይረስ የታወቀው። ያመጣችው የአጋዘን አይጥ የሚሏት ናት። ብርቅ በሽታ ነው፣ ግን ከሚታመሙት ከሲሶ በላይ ይገድላል። የሚይዘው በንክሻ ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ሽንትና ኩስ አቧራ ሆኖ ሲነሣ በመተንፈስ ነው። ስለዚህ ጋራዡን በደረቁ አትጥረጊ፣ ቫኪዩምም አትጠቀሚ። በሩን ግማሽ ሰዓት ክፈቺ። ጓንት አድርጊ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ኩሱን አርጥቢ፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ በወረቀት ጠርገሽ በላስቲክ ቋጥረሽ ጣዪ። ከዚያ የሚገቡባትን ቀዳዳ ፈልጊ። የእርሳስ ውፍረት ያህል ይበቃታል። የብረት ሱፍ ጠቅጥቂበት።

እኛም አገር ቢሆን ጎታ ስታጸዱ፣ ቆይታ የተከፈተች ዕቃ ቤት ስትጠርጉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መጥረጊያ።

*

"መምህራችን የዱር አይጥ የበሽታ ማከማቻ ናት ብለው አስተማሩን። አይጧ ራሷስ አትታመምም? የሚያዝንላትስ አለ? — የባዮሎጂ ተማሪ፣ ባሕር ዳር"

ይህን ጥያቄ ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

"ማከማቻ" የሚለው ቃል በሰው በኩል ሲታይ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ትግራይ ውስጥ ከተያዙ ነጭ እግር አይጦች ላይ አዲስ የሃንታ ቫይረስ መገኘቱ ታትሟል፤ "የትግራይ ቫይረስ" ይባላል። ባርቶኔላ የተባለ ባክቴሪያም በሰሜን ኢትዮጵያ አይጦች ላይ በብዛት ተገኝቷል። እነዚህ ከአይጧ ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። አይጧ ትሸከማቸዋለች፣ እነሱም ብዙም አይጥሏትም። ይህ ማለት ግን አትታመምም ማለት አይደለም። ቁንጫ ደም ይወስዳል። መዥገር ጆሮ ያቆስላል። ትል ምግብ ይሻማል። በቂ ሣር ባለበት ወር ትችለዋለች፣ በበጋው መጨረሻ ላይ ግን ከባድ ነው።

በሽታ ሁልጊዜ ከአይጥ ወደ ላይ አይወጣም፤ ይህንንም እንድታስብ እፈልጋለሁ። ባሌ ሰነቴ ላይ አንድ ኪሎ ሊደርስ የሚችል ትልቅ ፍልፈል አለ። ቀይ ቀበሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ የሚጠብቀው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ በእብድ ውሻ በሽታ አለቁ። ያመጣው ፍልፈሉም አይጡም አልነበረም። ከመንደር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ነው። "ማከማቻው" በዚያን ጊዜ የእኛ ግቢ ነበር።

የሚያዝንላት አለ ወይ ላልከኝ አንዷን ላስተዋውቅህ። ጓሳ ላይ አንድ ሴት የሣር አይጥ ነበረች። ጆሮዋ ላይ ትንሽ የብረት ቁጥር አድርገንላት ስለነበር ስትመለስ እናውቃታለን። መጀመሪያ ስትያዝ ጥቅምት ነበር፤ ወፍራም፣ ፀጉሯ የሚያበራ፣ ሳህኑ ላይ የወደቀው ቁንጫ ሦስት ብቻ። ሁለተኛ ጊዜ ጥር ላይ መጣች፣ ጡቷ አብጦ ነበር፤ ጎሬ ውስጥ ልጆች አሏት ማለት ነው። ቶሎ መዝነን ለቀቅናት። መጨረሻ መጋቢት ላይ ስትመጣ አጥንቷ በጣቴ ይቆጠር ነበር። የጆሮዋ ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ጨሌ የተደረደሩ ትናንሽ መዥገሮች ነበሩባት። ፀጉሯን ሳበጥር ቁንጫውን መቁጠር አቃተኝ።

ደንባችን እንዳገኘናት መልሰን መልቀቅ ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን መዥገሮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀምኩላት። ለናሙና ነው ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። አሥራ አራት ነበሩ። ስጨርስ አልነከሰችኝም፤ እጄ ላይ ተኝታ በፍጥነት ትተነፍስ ነበር። ከተያዘችበት ጎዳና ላይ አስቀመጥኳት። ወዲያው አልሸሸችም። ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች፣ በኋላ እግሯ ያን ጆሮዋን አከከች፣ ከዚያ ሣሩ ሥር ገባች።